መረጃ ያስጠፋ ስም፦ «ፒጂ_ኤክስሎግ» በፖስትግሬስ 10 ለምን ተቀየረ፣ ሰነዱስ ምን ሆነ?

ፖስትግሬስኪውኤል (በአጭሩ ፖስትግሬስ) የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ቨርዥን 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2017 ሲለቀቅ፣ ምንም አዲስ ሥራ የማይሠራ አንድ ለውጥ አብሮት ወጣ፦ በዳታ ፎልደሩ ውስጥ የሁለት ንዑስ ፎልደሮች ስም ተቀየረ። «ፒጂ_ኤክስሎግ» የነበረው «ፒጂ_ዋል»፣ «ፒጂ_ሲሎግ» የነበረው ደግሞ «ፒጂ_ኤክሳክት» ተባለ። የሪሊዝ ኖቱ (ከቨርዥኑ ጋር የሚወጣው የለውጦች ዝርዝር) ምክንያቱን አላድበሰበሰም። ተጠቃሚዎች አልፎ አልፎ በፎልደሮቹ ውስጥ ያለው እዚህ ግባ የማይባል የሎግ ፋይል እየመሰላቸው በእጃቸው ያጠፉት ነበር፤ መረጃቸውም ላይመለስ ይጠፋ ነበር፤ ስሞቹ የተቀየሩት እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳይደገም ነው ይላል።

በዚህ ጽሑፍ የፋይል፣ የፈንክሽንና የአማራጭ ስሞች እንደ አነባበባቸው ተጽፈው በ« » ውስጥ ገብተዋል። በመካከላቸው የሚታየው ዝቅ ያለ መስመር አንደርስኮር ነው። ሰርቨሩ ላይ ግን ሁሉም በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ።

ሦስት «ሎግ» በአንድ ዝርዝር

የቨርዥን 9.6ን የዳታ ፎልደር የዘረዘረ ሰው «ቤዝ»ን፣ «ግሎባል»ን፣ ከዚያም በ«ፒጂ_» የሚጀምሩ ብዙ ስሞችን ያያል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ በ«ሎግ» ያልቃሉ።

የመጀመሪያው «ፒጂ_ሎግ» ነው። የሎግ ሰብሳቢው ሲበራ ሰርቨሩ የስሕተትና የማስታወቂያ መልእክቶቹን የሚጽፍበት ቦታ ነበር። አሮጌዎቹን ፋይሎች ቢያጠፏቸው የሚታጣው ችግር ሲመጣ ወደ ኋላ ሄዶ የሚነበብ ታሪክ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ፒጂ_ሲሎግ» እያንዳንዱ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዝ የለውጦች ስብስብ) ይጽደቅ ወይም ይሰረዝ የሚመዘገብበት ነው። ሦስተኛው «ፒጂ_ኤክስሎግ» ዋል የሚባለውን፣ ማለትም ማንኛውም ለውጥ ወደ ዳታ ፋይሉ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ የሚጻፍበትን መዝገብ ይይዛል። ፋይሎቹ እንደ ነባሪው አሠራር እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት ናቸው፤ ስማቸውም 24 የሄክሳዴሲማል አኃዝ (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) ነው፤ ለምሳሌ 000000010000000000000042።

ዲስክ ሲሞላ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የትኛው ፎልደር ቦታ እንደ በላ ይለካል። ብዙ ጊዜ «ፒጂ_ኤክስሎግ» ከላይ ይወጣል። የስሙ መጨረሻ «ሎግ» ነው። ውስጡ ስማቸው ቁጥር የሚመስል፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ብዙ ፋይሎች አሉ። ጎረቤቱ «ፒጂ_ሎግ» ደግሞ በእርግጥም የሚጠፋ ነው። ይባስ ብሎ ዋል የሚጻፍበት ዲስክ ሲሞላ ሰርቨሩ በፓኒክ (ሊቀጥል በማያስችለው ከባድ ስሕተት) ይቆማል፤ መልእክቱም «ወደ ፒጂ_ኤክስሎግ/ኤክስሎግቴምፕ ፋይል መጻፍ አልተቻለም፣ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚል ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ በጭንቅ ሰዓት ወደዚያ ፎልደር ይጠቁማል።

ከተሰረዘ በኋላ

ሰርቨሩ በፓኒክ ቆሞ ሲነሣ ከመጨረሻው ቼክፖይንት (እስከዚያ ያሉት ለውጦች ወደ ዳታ ፋይሎቹ መጻፋቸው ከተረጋገጠበት ነጥብ) ጀምሮ ያለውን ዋል እያነበበ ወደ ዳታ ፋይሎቹ ያልደረሱትን ለውጦች መልሶ ይሠራል። ፋይሎቹ ከሌሉ የቼክፖይንት መዝገቡን ማግኘት እንዳልቻለ ጽፎ እንደገና በፓኒክ ይቆማል። በሰላም የተዘጋ ሰርቨርም ቢሆን የመዝጊያው ቼክፖይንት የተጻፈበትን የመጨረሻ ፋይል ይፈልጋል፤ «መጀመሪያ በደንብ ዘግቼዋለሁ» ማለት ሁሉንም ለማጥፋት ፈቃድ አይሆንም።

አንዳንዱ «ሁሉን አላጠፋም፣ አዳዲሶቹን ትቼ አሮጌዎቹን ብቻ» ይላል። እዚህ ላይ የፋይሎቹ ስም ሌላ ወጥመድ አለው። ፖስትግሬስ ሥራቸውን የጨረሱ የዋል ፋይሎችን ሁልጊዜ አይሰርዝም፤ ወደፊት ለሚመጣ ቁጥር ስማቸውን ቀይሮ ያስቀምጣቸዋል፣ ተራቸው ሲደርስ በላያቸው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ በቁጥር ትልቁ ፋይል ውስጡ የቆየ ይዘት ሊኖር ይችላል፤ አሁን የሚያስፈልገው ፋይል ደግሞ መሐል ላይ ነው። በስም ደርድሮ «የመጨረሻዎቹን 5 ልተው» ያለ ሰው የሚተወው ገና ተራ የሚጠብቁትን፣ የሚያጠፋው የሚያስፈልጉትን ሊሆን ይችላል። ለማገገሚያ የሚፈለገው የመጀመሪያው ፋይል የትኛው እንደሆነ የሚናገረው «ፒጂ_ኮንትሮልዳታ» የተባለው ፕሮግራም ነው፤ የመጨረሻው ቼክፖይንት የሚጀምርበትን የዋል ፋይል በስሙ ይጽፈዋል።

ቀጣዩ እርምጃ ብዙውን ጊዜ የባሰ ነው። ሰርቨሩ አልነሣ ሲል «ፒጂ_ሪሴትኤክስሎግ» የሚባል መሣሪያ ይገኛል። እሱን ያስኬደ ሰው ሰርቨሩ ይነሣለታል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሰነዱ ግን ከዚህ በኋላ በከፊል ብቻ የተጻፉ ትራንዛክሽኖች ስለሚኖሩ ዳታው እርስ በርሱ ላይጣጣም እንደሚችል፣ ወዲያው ዳታውን በዳምፕ አውጥቶ፣ አዲስ የዳታ ፎልደር በ«ኢኒትዲቢ» ፈጥሮ፣ እንደገና መጫን እንደሚያስፈልግ ያስጠነቅቃል። «ሪሴት» እና «ሎግ» አንድ ስም ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ መሣሪያው ቆጣሪን ወደ ዜሮ ከመመለስ የበለጠ ነገር የሚያደርግ አይመስልም።

የ«ፒጂ_ሲሎግ» መጥፋት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንዴ ጉዳቱ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን እዚያ 2 ቢት ብቻ ይይዛል፦ 00 በሂደት ላይ፣ 01 ጸድቋል፣ 10 ተሰርዟል፣ 11 ደግሞ ንዑስ ትራንዛክሽን ሆኖ ጸድቋል ማለት ነው። አንድ ፋይል 256 ኪሎባይት ስለሆነ የ1,048,576 ትራንዛክሽኖችን ሁኔታ ይይዛል። ፋይሉ ጠፍቶ አንድ ረድፍ ሲነበብ «የዚህን ትራንዛክሽን ሁኔታ ማወቅ አልተቻለም» የሚል ስሕተት ይመጣል። በዚህ ጊዜ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ መድኃኒት አለ፦ በዜሮ የተሞላ 256 ኪሎባይት ፋይል ፈጥሮ በጠፋው ስም ማስቀመጥ። ስሕተቱ ይቆማል። ነገር ግን ዜሮ ማለት «አልጸደቀም» ማለት ነው። የመጽደቃቸው ምልክት በረድፉ ላይ ገና ያልተጻፈላቸው ረድፎች ከእይታ ይሰወራሉ፤ መሰረዛቸው ጸድቆ የነበሩ ረድፎች ደግሞ ተመልሰው ሊታዩ ይችላሉ። ከስሕተት መልእክት የከፋ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ጥያቄው መልስ ይሰጣል፣ መልሱ ግን ውሸት ነው።

ሰነዱ ትክክል ነበር

የፖስትግሬስ ሰነድ የዳታ ፎልደሩን ይዘት የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለው፤ በግራ የፋይሉ ወይም የፎልደሩ ስም፣ በቀኝ ማብራሪያ። በ9.6 ሰነድ «ፒጂ_ኤክስሎግ» አጠገብ የዋል ፋይሎችን የያዘ ንዑስ ፎልደር ነው ይላል፤ «ፒጂ_ሲሎግ» አጠገብ የትራንዛክሽኖችን የመጽደቅ ሁኔታ የያዘ ነው ይላል። በ10 ሰነድ የቀኙ ዓምድ ያው ነው። የተቀየረው የግራው ብቻ ነው።

ጉዳዩን ትምህርት የሚያደርገው ይህ ነው። ማብራሪያው ከመጀመሪያው እውነት ነበር፣ ማስጠንቀቂያም አልጎደለም። ፋይሉን የሚሰርዝ ሰው ግን በዚያ ሰዓት ሰነድ አይከፍትም፤ የሚያነበው ተርሚናሉ ላይ የወጣውን የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ የፎልደር ስም ሰነዱ ከሚያስተምረው በፊት የሚነበብ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚታመነው ስሙ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ደማቅ ፊደል፣ ቀይ ሳጥን ወይም ሦስት ቃለ አጋኖ ቢጨመርበት ኖሮ ያልደረሰበት ሰው ጋ አሁንም አይደርስም ነበር።

ስሞቹ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም ነበር። የማዋቀሪያ ፓራሜትሮቹ ድሮውኑ በ«ዋል_» ይጀምሩ ነበር፤ «ዋል_ሌቨል»፣ «ዋል_በፈርስ»። ፎልደሩና ፈንክሽኖቹ «ኤክስሎግ» ይሉ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቦታ ደግሞ አንዱ ቦታ «ሎኬሽን»፣ ሌላው «ኤልኤስኤን» ይለው ነበር። ሰነድ ጸሐፊው ለሁለት ነገሮች አራት ስም ይዞ በአንድ አንቀጽ ውስጥ «እነዚህ አንድ ናቸው» እያለ መዞር ነበረበት፤ አንባቢው ደግሞ አንድ መሆናቸውን በራሱ መገመት።

ለውጡ በምን ያህል ተሠራ

የፎልደሩ ስም በእድገት ቅርንጫፉ ላይ የተቀየረው በ2016 መጨረሻ ገደማ ነው። ፎልደሩን ብቻ ቀይሮ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ያ አዲስ ግራ መጋባት ይፈጥር ነበርና በ2017 የተጠቃሚ ዓይን የሚያርፍባቸው ፈንክሽኖች፣ ፕሮግራሞችና አማራጮች ተከተሉ። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

«ፒጂ_ስዊች_ኤክስሎግ()» ← አሁን «ፒጂ_ስዊች_ዋል()»
«ፒጂ_ከረንት_ኤክስሎግ_ሎኬሽን()» ← አሁን «ፒጂ_ከረንት_ዋል_ኤልኤስኤን()»
«ፒጂ_ኤክስሎግ_ሎኬሽን_ዲፍ()» ← አሁን «ፒጂ_ዋል_ኤልኤስኤን_ዲፍ()»
«ፒጂ_ሪሲቭኤክስሎግ» ← አሁን «ፒጂ_ሪሲቭዋል»
«ፒጂ_ኤክስሎግደምፕ» ← አሁን «ፒጂ_ዋልደምፕ»
«ፒጂ_ሪሴትኤክስሎግ» ← አሁን «ፒጂ_ሪሴትዋል»
«--ኤክስሎግዲር» ← አሁን «--ዋልዲር»

በዚሁ ቨርዥን የሰርቨሩ መልእክቶች ነባሪ ፎልደርም ከ«ፒጂ_ሎግ» ወደ «ሎግ» ተቀይሯል። ስለዚህ በ10 የዳታ ፎልደር ውስጥ «ሎግ» የሚባል ካለ በእርግጥም ሎግ ነው። ከስም ለውጦቹ ሁሉ ብዙ ያልተወራለት ይህ ነው፤ በእኛ ግምት ግን እንደ ሌሎቹ እኩል ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሚጠፋው ነገር ስሙ ላይ ብቻውን ቆመ።

የቀድሞዎቹን ፈንክሽኖች እንደ ተለዋጭ ስም ማቆየት ይቻል ነበር። አልተደረገም። ዋጋውን የከፈሉት በየቦታው የነበሩ ስክሪፕቶች ናቸው።

የተሰበረው

የክትትል መሣሪያዎች ቀድመው ወደቁ። የሪፕሊኬሽን (ለውጦችን ወደ ሌላ ሰርቨር የመገልበጥ) መዘግየትን የሚለካ ጥያቄ የድሮውን ፈንክሽን ሲጠራ «እንዲህ ያለ ፈንክሽን የለም» ይባላል። የሪፕሊኬሽኑን ሁኔታ በሚያሳየው «ፒጂ_ስታት_ሪፕሊኬሽን» ላይም አራት ዓምዶች፣ ማለትም «ሰንት»፣ «ራይት»፣ «ፍላሽ» እና «ሪፕሌይ» የሚባሉት፣ መጨረሻቸው ከ«_ሎኬሽን» ወደ «_ኤልኤስኤን» ተቀይሯል። ስሕተቱን በግልጽ የሚያሳይ መሣሪያ ችግር የለውም። ስሕተቱን ውጦ ዜሮ የሚስል ግራፍ ግን መዘግየት የሌለ አስመስሎ ይቀጥላል።

ከዚህ የሚብሰው የባክአፕ ስክሪፕት ነው። ሰርቨሩ እየሠራ የዳታ ፎልደሩን የሚገለብጥ ስክሪፕት የዋል ፎልደሩን ይዘት እንዲዘል ሰነዱ ይመክራል፤ ባክአፑ ሲመለስ ያረጁ የዋል ፋይሎች ከአዲሶቹ ጋር እንዳይደባለቁ። «ፒጂ_ኤክስሎግን ዝለል» የሚል መስመር በ10 ላይ የሚገጥመው ስም አያገኝም፤ የመገልበጫ ፕሮግራሙ ደግሞ የማይገጥም መዝለያ ስላለ አያማርርም። ባክአፑ ይሠራል፣ ስሕተት አይታይም፣ ሊገባ ያልታሰበው ሁሉ ገብቷል።

የቨርዥን ቁጥሩም በዚሁ ጊዜ መልኩን ቀየረ። ከ9.6 በኋላ 10 መጣ፤ ዋናው ቨርዥን ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ብቻ ሆነ። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ የሚያወዳድር ስክሪፕት 10 ከ9.6 ያንሳል ይላል፣ የድሮዎቹን ስሞች ይጠራል፣ ይወድቃል። መፍትሔው «ሰርቨር_ቨርዥን_ነም»ን ማንበብ ነው። 9.6.5 እዚያ 90605፣ 10.1 ደግሞ 100001 ነው፤ ከ100000 ጀምሮ አዲሶቹን ስሞች፣ ከዚያ በታች የድሮዎቹን መጠቀም ይበቃል።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። «ኢኒትዲቢ» የዋል ፎልደር ሌላ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ የሚያዘው አማራጭ ረጅሙ ስሙ ሲቀየር፣ አጭሩ አልተቀየረም፤ አንድ ሰረዝና ካፒታል ኤክስ እንደ ነበረ ቀረ። የሰነድ ጸሐፊዎች ልማድ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ ውስጥ ረጅሙን መጻፍ ነው፤ ልማዱም ጥሩ ነው። እዚህ ግን ምሳሌውን ከሰነድ የቀዱ ስክሪፕቶች ተሰበሩ፣ አጭሩን የጻፉት ሳይሰሙ አለፉ።

ሰነዱን ማስተካከል

የፖስትግሬስ ሰነድ የሚጻፈው በዶክቡክ፣ ማለትም ለቴክኒክ ሰነዶች በተሠራ የምልክት ቋንቋ ነው። በዚህ አሠራር ጸሐፊው «ይህ በኮድ ፊደል ይሁን» አይልም፤ «ይህ የፋይል ስም ነው»፣ «ይህ ፈንክሽን ነው»፣ «ይህ አማራጭ ነው»፣ «ይህን አንባቢው በራሱ እሴት ይተካዋል» እያለ ምልክት ያደርጋል፤ መልኩ በኋላ ይወሰናል። ስም ሲቀየር ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው፤ የፋይል ስም ተብለው የተመለከቱትን ለብቻ፣ ፈንክሽኖችን ለብቻ ማውጣት ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት የኮድ ፊደል ብቻ ያቀለመ ሰነድ ይህን ዕድል አያገኝም።

በጭፍን ፈልጎ መተካት ግን በዚህም አይሠራም። «ኤክስሎግ»ን በ«ዋል» ብቻ የተካ ሰው «ፒጂ_ከረንት_ዋል_ሎኬሽን()» የሚል በ10 ውስጥ የሌለ ፈንክሽን ይፈጥራል፤ መጨረሻውም አብሮ ተቀይሯልና። የቀድሞ ቨርዥኖች ሪሊዝ ኖት ደግሞ መነካት የለበትም፤ ስለ 9.4 የሚናገር ዓረፍተ ነገር በ9.4 የነበረውን ስም መያዝ አለበት።

ይህን ጉዳይ ወደ ራሱ ቋንቋ የሚያመጣ ወይም ለድርጅቱ የሥራ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ሦስት የአጻጻፍ ነገሮች ላይ ይሰናከላል። አንደኛ፣ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች «--ዋልዲር» ፊት ያሉትን ሁለት ሰረዞች አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጓቸዋል፤ ቀጥ ያለውን ጥቅስም ያጎብጡታል፤ ከዚያ ተቀድቶ የተለጠፈ ትእዛዝ አይሠራም። ራስ-ሰር ማረሚያውን ለኮድ ክፍሎች ማጥፋት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ ላይ የሊንክ ሥርመስመር ሲደረግበት አንደርስኮሩ ይጠፋል፤ ሲነበብ ክፍተት ያለው ሁለት ቃል ይመስላል። ሦስተኛ፣ ቅንፎች። በፖስትግሬስ ሰነድ የትእዛዝ አቀማመጥ ሲገለጽ ካሬ ቅንፍ «ቢኖርም ባይኖርም» ማለት ነው፣ ጥምዝ ቅንፍ ከቁም መስመር ጋር «ከእነዚህ አንዱን ምረጥ»፣ ሦስት ነጥብ «የቀደመው ሊደገም ይችላል»፤ ክብ ቅንፍ ግን እንዳለ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ አዲሱን ስም ጽፎ የድሮውን አጠገቡ በካሬ ቅንፍ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ የአንባቢውን ልማድ ይቃረናል። የድሮው ስም ከትእዛዙ ውጭ፣ በዓረፍተ ነገር ይምጣ፤ «ፒጂ_ዋል፣ ከ10 በፊት ፒጂ_ኤክስሎግ ይባል የነበረው»፤ በምዕራፉ አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ።

የድሮውን ስም ፈጽሞ መሰረዝም ስሕተት ነው፤ ሰው የሚፈልገው በሚያውቀው ስም ነው። ፖስትግሬስ ለዚህ በሰነዱ መጨረሻ የቀሩ ወይም ስማቸው የተቀየረ ነገሮችን የሚዘረዝር አባሪ አለው። «ፒጂ_ኤክስሎግደምፕ»፣ «ፒጂ_ሪሴትኤክስሎግ» እና «ፒጂ_ሪሲቭኤክስሎግ» እዚያ እያንዳንዳቸው አጭር ክፍል አላቸው፤ ከድሮ ሊንክ የመጣን ሰው ወደ አዲሱ ገጽ ይመሩታል።

ያልተነካው

የምንጭ ኮዱ «ኤክስሎግ» እና «ሲሎግ» የሚሉ የፋይልና የፈንክሽን ስሞችን እንደያዘ ቀርቷል፤ ዓላማው ተጠቃሚው የሚያየውን መቀየር ነበርና። ጥጉ ላይ ግን ቅሪት አለ። በ«ፒጂ_ዋል» ውስጥ አዲስ ፋይል ሲዘጋጅ ጊዜያዊ ስሙ በ«ኤክስሎግቴምፕ» ይጀምራል፤ ስለዚህ ዲስክ ሲሞላ የሚወጣው መልእክት ሁለቱንም ስሞች በአንድ መስመር ያሳያል። «ፒጂ_ዋልደምፕ» የሚዘረዝራቸው የመዝገብ ዓይነቶች ውስጥም ሁለቱ የድሮ ስሞች አሉ። የሥራ መመሪያ የሚጽፍ ሰው እነዚህን «የቀረ ስሕተት» ብሎ ማረም የለበትም፤ መልእክቱን እንደ ወጣ ይጥቀሰው።

ለሥራ መመሪያው

«ፒጂ_ዋል» ሲሞላ መመሪያው በዚህ ቅደም ተከተል ቢጻፍ ይሻላል። መጀመሪያ ቦታ ማግኘት፦ ዲስኩን ማስፋት ወይም በዚያው ዲስክ ላይ ያለ የዳታቤዙ ያልሆነ ነገር ማንሣት፤ ካልሆነ ሰርቨሩን ዘግቶ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወርና በቦታው ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ አዲሱ ቦታ የሚጠቁም ፋይል) ማስቀመጥ። ቀጥሎ መንስኤውን መፈለግ። በ«ፒጂ_ዋል» ሥር ባለው «አርካይቭ_ስታተስ» ውስጥ «.ሬዲ» የሚል መጨረሻ ያላቸው ፋይሎች ከተከማቹ አርካይቭ የማድረጊያው ትእዛዝ (የዋል ፋይሎችን ወደ ሌላ ማከማቻ የሚገለብጠው) እየወደቀ ነው፤ «ፒጂ_ስታት_አርካይቨር» የመጨረሻውን ውድቀት ያሳያል። የሪፕሊኬሽን ስሎት (ሌላው ሰርቨር ገና ያልወሰደውን ዋል እንዳይጠፋ የሚይዘው) ተትቶ ከሆነ «ፒጂ_ሪፕሊኬሽን_ስሎትስ» ላይ ንቁ ያልሆነው ይታያል፤ ባለቤቱ አይመለስም ከተባለ «ፒጂ_ድሮፕ_ሪፕሊኬሽን_ስሎት()» ያነሣዋል። ከ13 ጀምሮ «ማክስ_ስሎት_ዋል_ኪፕ_ሳይዝ» ስሎት የሚይዘውን ይገድባል፤ ነባሪው ግን ገደብ የለሽ ነው። መንስኤው ሲነሣ ከሚቀጥለው ቼክፖይንት በኋላ ሰርቨሩ የማያስፈልጉትን ፋይሎች ራሱ ያነሣቸዋል። «ፒጂ_አርካይቭክሊንአፕ» የሚባለው መሣሪያ ለአርካይቭ ማከማቻ እንጂ ለ«ፒጂ_ዋል» እንዳልሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

በሰነዱ ውስጥ «በፒጂ_ዋል ያሉትን ፋይሎች አጥፋ» የሚል እውነተኛ መመሪያ ያለበት አንድ ቦታም አለ፤ ከባክአፕ መልሶ ማቋቋም ላይ። እዚያ የሚጠፉት ከባክአፑ ጋር የመጡት ያረጁ ፋይሎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ባለው እርምጃ ደግሞ የወደቀው ሰርቨር «ፒጂ_ዋል» አርካይቭ ያልተደረጉ ፋይሎች ሊኖሩት ስለሚችሉ ለብቻው እንዲቀመጥ ታዟል። ይህን ወደ መመሪያ የሚያመጣ ሰው ሁለቱን እርምጃዎች በአንድ ገጽ ያቆራኝ፤ ምክንያቱንም ከትእዛዙ አይለየው። «ከባክአፑ የመጡት፣ ባዲሱ ቅጂ ውስጥ ያሉት» የሚሉት ቃላት ከ«አጥፋ» በፊት ይምጡ፣ ትእዛዙን ብቻ ቀድቶ የሚሄድ እንዳያመልጣቸው።